ስትታመሙ ደመወዛችሁ እንዳይቀር፦ የሕመም ፈቃድ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ

ሰው ሲታመም ሁለት ጭንቀት አብሮት ይተኛል። አንዱ የጤናው ነው፤ ሌላው የወሩ ደመወዝ። የመጀመሪያውን ሐኪም ያየዋል። ሁለተኛውን ግን ራሳችሁ መያዝ አለባችሁ።

በኢትዮጵያ ሕጉ ለዚህ መልስ አለው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ አንቀጽ 85 እና 86። የሕመም ፈቃድ እዚያ ላይ በግልጽ የተጻፈ መብት ነው፤ አለቃ ደስ ሲለው የሚሰጠው ውለታ አይደለም። ችግሩ መብቱ የሚቆመው በማስረጃ መሆኑ ላይ ነው። ሳይነገር ያለፈ አንድ ቀን፣ ማኅተም የሌለው የሐኪም ወረቀት፣ ማንም ያልቆጠረው የእረፍት ቀን፤ ክፍያ ሲቀር ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው። ለዚህ ነው ከታች ስለ ወረቀቱና ስለ ቀን ቆጠራው ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

1. አዋጁ እናንተን ይመለከታል?

በግል ድርጅት፣ መንግሥታዊ ባልሆነ ድርጅት ወይም በመንግሥት የልማት ድርጅት ተቀጥራችሁ ከሆነ በአብዛኛው አዎ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን የራሳቸው አዋጅ አላቸው። ፖሊስ፣ መከላከያ፣ ዳኞችና ዐቃቤ ሕጎችም እንዲሁ። ከታች ያሉት ቁጥሮች ለእነሱ አይሠሩም።

የሥራ መሪዎችም ከአዋጁ ውጭ ናቸው። የሥራ መሪ ማለት ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ወይም የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት ሥልጣን ያለው ሰው ነው። «ማናጀር» የሚል መጠሪያ ብቻውን ሰውን የሥራ መሪ አያደርገውም። የሚታየው የምትሠሩት ሥራ ነው። መጠሪያችሁ ትልቅ ሆኖ ሥልጣኑ ከሌላችሁ፣ «አንተን አይመለከትህም» ሲሏችሁ ቶሎ አትቀበሉ።

የቤት ሠራተኞችም በዚህ አዋጅ አልተሸፈኑም። ይህ ከልቤ የሚያሳዝነኝ ነገር ነው። በየቤቱ የታመመ የሚያስታምሙ ሰዎች ራሳቸው ሲታመሙ የሚጠለሉበት አንቀጽ እዚህ የለም። ስለዚህ የቤት ሠራተኛ የምትቀጥሩ ሰዎች የሕመም ቀናትን ክፍያ ከመጀመሪያው ተስማምታችሁ በውል ጻፉላት።

ቀጥሎ የሙከራ ጊዜ። አዋጁ የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተደረገ የሙከራ ጊዜ የለም። በቃል «ሦስት ወር እንይህ» ከተባላችሁና ውላችሁ ላይ ካልሰፈረ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መደበኛ ሠራተኛ ናችሁ ብላችሁ መከራከር ትችላላችሁ። እዚያው ድርጅት ለዚያው ሥራ ተመልሳችሁ ከተቀጠራችሁም እንደገና በሙከራ ላይ ልትሆኑ አይገባም። ስለዚህ የቅጥር ውላችሁን ዛሬ፣ በደህናው ቀን፣ አውጥታችሁ አንብቡት። የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት ውል ካለም ቅጂውን ከማኅበሩ ጠይቁ። ስምምነቱ ከአዋጁ የተሻለ ሊሰጣችሁ ይችላል፤ ያነሰ ግን ሊሰጣችሁ አይችልም።

2. በቀራችሁ በማግስቱ አሳውቁ

ሕጉ የሚለው ይኸው ነው፦ በሕመም ከሥራ የቀረ ሠራተኛ በማግስቱ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ሁለት ሁኔታዎች ብቻ ከዚህ ውጭ ናቸው። አሠሪው መታመማችሁን ሊያውቅ የሚችልበት ሁኔታ ካለ፣ ለምሳሌ ሥራ ላይ ወድቃችሁ በድርጅቱ መኪና ሆስፒታል ከተወሰዳችሁ፤ ወይም ማሳወቅ የማይቻልበት ሁኔታ ላይ ከነበራችሁ።

ማግስቱን ግን አትጠብቁ። ጠዋት መነሳት ሲያቅታችሁ ያኔውኑ መልእክት ላኩ። መደወልም ጥሩ ነው፤ ግን ስልክ ማስረጃ አይተውም። ደውላችሁ ከተነጋገራችሁ በኋላ ጽሑፍ አስከትሉ። እንዲህ አጠር ያለ ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ጥቅምት 12 በመታመሜ ሥራ መግባት አልቻልኩም። ወደ ሐኪም እየሄድኩ ነው። የሕክምና ማስረጃዬን እንዳገኘሁ አቀርባለሁ።»

ለቅርብ አለቃችሁም ለሰው ኃይል ክፍሉም ላኩት። የቴሌግራም መልእክትም ሆነ ኤስኤምኤስ፣ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡት። እጃችሁ መጻፍ ካልቻለ የቤተሰብ ሰው ወይም ጓደኛ ይላክላችሁ። በሥራ ባልደረባ አፍ «ታሟል በላቸው» ማለት ግን አትመኑበት። ባልደረባችሁ ይረሳል፣ አለቃው «አልሰማሁም» ይላል፣ መሃል ላይ የምትጎዱት እናንተ ናችሁ።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቀው ልንገራችሁ። በአዋጁ መሠረት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ከሥራ መቅረት፣ ስለ መቅረቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ከሆነ፣ የስንብት ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ ወዲያው ከሥራ ሊያሰናብት ይችላል። ነገር ግን ይህ የሚሠራው መቅረቱ በአዋጁ ከተፈቀዱት ፈቃዶች በአንዱ ሊሸፈን ካልቻለ ነው። በማስረጃ የተያዘ የሕመም ቀን ከዚያ ቆጠራ ውጭ ነው። ያልተያዘው ግን «ያለ ፈቃድ ቀረ» ተብሎ ፋይላችሁ ላይ ይገባል።

3. የሐኪም ማስረጃውን በደንብ ያዙ

ሰው ሁሉ «ሲክ ሊቭ» የሚለው ወረቀት ይህ ነው። ሕጉ የሚፈልገው ከታወቀ የሕክምና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ነው። የመንግሥት ጤና ጣቢያም ሆነ ፈቃድ ያለው የግል ክሊኒክ ያወጣው ይሠራል። አሠሪው «ከእኔ ክሊኒክ ብቻ» ሊላችሁ ቢሞክር የኅብረት ስምምነቱ ወይም የውስጥ ደንቡ ምን እንደሚል ጠይቁ።

ከክሊኒኩ በር ሳትወጡ ወረቀቱን አንብቡት። ሙሉ ስማችሁ እስከ አያት ድረስ መታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ነው? የተመረመራችሁበት ቀን አለ? እረፍቱ ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ ተጽፏል? «የ5 ቀን እረፍት» ብቻ የሚል ወረቀት ያጨቃጭቃል። «ከጥቅምት 12 እስከ ጥቅምት 16» የሚለው ግን አያጨቃጭቅም። የሐኪሙ ስም፣ ፊርማ፣ ቲተር (የስሙ ማኅተም) እና የተቋሙ ማኅተም ይኑሩበት። ማኅተሙ ደብዝዞ የማይነበብ ከሆነ እንደገና አስመቱት። አታፍሩ፤ የምትጠይቁት የራሳችሁን ነገር ነው።

ሐኪም ያላየውን ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ አይጽፍም፤ መጻፍም የለበትም። ሦስት ቀን ቤት ተኝታችሁ በአራተኛው ብትሄዱ፣ ያለፉት ሦስት ቀናት ያለ ወረቀት የመቅረት አደጋ አለባቸው። ጉንፋን ነው፣ ይለፍልኛል የምትሉት ሕመም እንኳ ከሥራ ካስቀራችሁ በመጀመሪያው ቀን ታዩ።

ጠበል መሄድ ወይም ወጌሻ ዘንድ መታሸት ለብዙዎቻችን የሕይወታችን አካል ነው። እሱን ማንም አይከለክላችሁም። ነገር ግን የደብሩ ወይም የወጌሻው ወረቀት በዚህ ሕግ የሕክምና ማስረጃ አይሆንም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ታይታችሁ እረፍት አጽፉ፣ ከዚያ ጠበላችሁን ሂዱ። ሁለቱን ማስኬድ ይቻላል።

እረፍቱ ሳያልቅ ካልተሻላችሁ፣ ከማለቁ በፊት ወይም ባለቀበት ቀን ተመልሳችሁ ታዩ። በሁለት ወረቀቶች መካከል የተከፈተች አንዲት ቀን ብቻዋን ችግር ትፈጥራለች።

ስለ ምስጢር ደግሞ። አሠሪያችሁ ማወቅ ያለበት መሥራት አለመቻላችሁንና እስከ መቼ እንደሆነ ነው። የበሽታው ዝርዝር ቢሮ ለቢሮ እንዲዞር ካልፈለጋችሁ ለሐኪማችሁ ንገሩት፤ በጥቅሉ ሊጽፈው ይችላል። አሠሪው በቂ ምክንያት ካለው ሌላ የጤና ምርመራ እንድታደርጉ ሊጠይቅ ይችላል፣ እምቢ ማለትም ጥፋት ነው። የኤችአይቪ ምርመራ ግን ከዚህ ውጭ ነው። በዚያ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም።

የሚገዛ «ሲክ ሊቭ» እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። እባካችሁ አትንኩት። ሐሰተኛ ሰነድ መጠቀም አዋጁ በሠራተኛው ላይ ከከለከላቸው ድርጊቶች አንዱ ነው። ሥራ ያሳጣል፣ በወንጀልም ያስከስሳል። ከዚያ በላይ ደግሞ በእውነት የታመመውን ባልደረባችሁን ወረቀት አሠሪው እንዲጠራጠር ያደርጋል።

4. አስገቡ፣ ቅጂውን ያዙ

ዋናውን ከመስጠታችሁ በፊት ፎቶ አንሱት፣ ኮፒም አድርጉት። ከአጭር ማመልከቻ ጋር በመዝገብ ቤት በኩል አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ቅጂ ላይ «ደርሶናል» ብለው ቀን ጽፈው እንዲፈርሙ ጠይቁ። ድርጅቱ ትንሽ ሆኖ መዝገብ ቤት ከሌለው በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኩት። ማመልከቻው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል
ጉዳዩ፦ የሕመም ፈቃድን ይመለከታል
ከጥቅምት 12 ቀን እስከ ጥቅምት 16 ቀን በመታመሜ ሥራ ላይ አልነበርኩም። መታመሜን ጥቅምት 12 ቀን በጽሑፍ መልእክት አሳውቄያለሁ። ከሐኪም የተሰጠኝን ማስረጃ 1 ገጽ አያይዤ አቅርቤያለሁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 85 እና 86 መሠረት የሕመም ፈቃዴ እንዲመዘገብልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

አንቀጹን መጥቀስ አለመግባባት መፍጠር አይደለም። ጉዳዩን የያዘው ሰው የትኛውን ድንጋጌ እንደሚመለከት ያውቃል፣ ሥራውም ይቀልለታል።

አንዳንድ ቢሮ «ከዓመት ፈቃድህ ላይ ይቀነስልህ» ይላል። አትስማሙ። የዓመት ፈቃድ ለብቻው ነው፤ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። በሕመም ምክንያት የሚነካ አይደለም። እንዲያውም በዓመት ፈቃድ ላይ እያላችሁ ብትታመሙ የሕመም ፈቃድ ድንጋጌዎቹ ይሠሩላችኋል። ያኔም በማግስቱ አሳውቁ፣ ማስረጃም ያዙ።

5. ክፍያውን ራሳችሁ አስሉት

ጠቅላላ የሕመም ፈቃዱ በ12 ወር ውስጥ ከስድስት ወር አይበልጥም። ክፍያው ደግሞ እንዲህ ይወርዳል፦ የመጀመሪያው አንድ ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት የደመወዙ 50 በመቶ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ገንዘቡን የሚከፍለው አሠሪው ራሱ ነው።

ወርሃዊ ደመወዟ 12,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ስድስት ወር ሙሉ ብትተኛ፣ ከግብርና ከሌላ ተቀናሽ በፊት በመጀመሪያው ወር 12,000፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው 6,000፣ 6,000 ብር ታገኛለች። ድምሩ 24,000 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ የቤት ኪራይ በአራተኛው ወርም ይጠየቃል።

ረጅም ሕመም ለማስላት ቀላል ነው። ሰው የሚደናገረው እየተቆራረጠ የሚመጣው ላይ ነው። 12 ወሩ የሚጀምረው ከታመማችሁበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ከመስከረም 1 አይደለም፣ ከበጀት ዓመቱ መጀመሪያ ከሐምሌም አይደለም። ቀናቱ ተከታታይ ሆኑም አልሆኑ ይደመራሉ።

ያቺኑ ሠራተኛ እንውሰድ። ጥር 10 ታመመችና 10 ቀን እረፍት ወሰደች። በሚያዝያ 14 ቀን፣ በሰኔ ደግሞ 13 ቀን። ድምሩ 37 ቀን ነው። ወሩን በ30 ቀን ካሰብነው የቀን ደመወዟ 400 ብር ይሆናል። የጥርና የሚያዝያ 24 ቀናት በሙሉ ክፍያ ውስጥ ናቸው። ከሰኔው 13 ቀን ስድስቱ የመጀመሪያውን ወር ይሞላሉ፣ ሰባቱ ወደ ግማሽ ክፍያ ይገባሉ። ስለዚህ በሰኔ የሚቀነስባት 7 ጊዜ 200፣ ማለትም 1,400 ብር ብቻ ነው። 10,600 ብር ሊደርሳት ይገባል። ፔሮሉ ላይ 13ቱም ቀን በግማሽ ተሰልቶ ከመጣ ስህተት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጥር 10 ላይ 12 ወሩ ሞልቷል፤ ከዚያ በኋላ ከታመመች ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል።

ስልካችሁ ላይ አንድ ማስታወሻ ክፈቱ። የታመማችሁበትን የመጀመሪያ ቀን፣ እያንዳንዱን እረፍትና ድምሩን ጻፉ። የኅብረት ስምምነታችሁ የተለየ አቆጣጠር ካለው በእሱ አስሉ።

«ደመወዝ» ስንል መሠረታዊውን ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የትራንስፖርት አበል፣ ቦነስ፣ ኮሚሽን፣ ከደንበኛ የሚሰበሰብ ሰርቪስ ቻርጅ በአዋጁ ትርጉም ደመወዝ ውስጥ አይገቡም። በሆቴልና በሽያጭ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን ይህ በጣም ይጎዳል፤ መሠረታዊው ትንሽ፣ ኑሮው በኮሚሽን ነውና። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በሚቀጥለው ድርድር ሊነሳ የሚገባው ነጥብ ይህ ይመስለኛል።

6. ጉዳዩ ተራ ሕመም ካልሆነ

ሥራ ላይ ከተጎዳችሁ ወይም ሕመሙ ከሥራው የመጣ ከሆነ የሕመም ፈቃድ ብላችሁ እንዳትፈርሙ። ያ ሌላ ምዕራፍ ነው፣ ለእናንተም በጣም ይሻላል። የሥራ ጉዳት ለደረሰበት ሠራተኛ አሠሪው እስከ አንድ ዓመት ይከፍላል፦ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በቀሩት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። የሕክምናውን ወጪም ይሸፍናል። ድርጅቱ ባቀረበው ሰርቪስ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ስትመለሱ የደረሰ አደጋም የሥራ ጉዳት ነው። ማሽን እጁን የያዘውን ሰው «ሲክ ሊቭ ሙላ» ብሎ ቅጽ መስጠት መብቱን መቁረጥ ነው።

እርግዝናም በሽታ አይደለም። የወሊድ ፈቃዱ 120 ቀን ከነክፍያው ነው፤ ከሕመም ፈቃድ አይቀነስም። ለእርግዝና ክትትል ሐኪም ዘንድ የሚኬድበት ጊዜም፣ ማስረጃ ከቀረበ፣ ይከፈልበታል።

ልጃችሁ ወይም እናታችሁ ቢታመሙስ? የሕመም ፈቃድ ለራሱ ለታመመው ሠራተኛ ብቻ ነው። ለእንዲህ ያለ ከባድ ችግር እስከ አምስት ተከታታይ ቀን ያለ ክፍያ ፈቃድ መውሰድ ይቻላል፣ በበጀት ዓመቱ ሁለት ጊዜ ብቻ። የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ ካላችሁ እሱ ይሻላል።

7. ሕመሙ ከረዘመ

በስድስት ወሩ ውስጥ ሆኖ ማስረጃውን በወቅቱ ያቀረበን ሰው «ታመሃል» ብሎ ማሰናበት ሕጉ ከዘረዘራቸው ምክንያቶች ውስጥ የለም። ሕጉ በማስጠንቀቂያ ማሰናበትን የሚፈቅደው ሠራተኛው በጤና ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት ሥራውን ለዘለቄታው መሥራት ሳይችል ሲቀር ነው። ሁለቱ ይለያያሉ።

ስለዚህ አራተኛው ወር ሲገባ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። በጽሑፍ አናግሯቸው። ቀላል ሥራ ላይ መመደብ ይቻላል? የተጠራቀመ የዓመት ፈቃድ በገንዘብ አልባዎቹ ወራት መግባት ይችላል? ሐኪማችሁም መቼ ልትመለሱ እንደምትችሉ ይጻፍላችሁ።

መመለስ እንደማይቻል ከታወቀ ጉዳዩ ወደ ሐኪሞች ቦርድ ይሄዳል። በቦርድ በተረጋገጠ የመሥራት ችሎታ ማጣት ምክንያት ውል ሲቋረጥ የሥራ ስንብት ክፍያ ይገባል፦ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ፣ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ ሳይበልጥ። ታማችሁ፣ ደክማችሁ፣ «በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ» የሚል ደብዳቤ ላይ አትፈርሙ። ያ ፊርማ ይህን ሁሉ ሊያሳጣችሁ ይችላል።

8. አልከፍልም ካሉ

በመጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ስሌታችሁን አያይዙ። ብዙው የፔሮል ስህተት እዚህ ላይ ይስተካከላል። የሠራተኛ ማኅበር ካለ በግልባጭ አሳውቁ። ካልሆነ በአካባቢያችሁ ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አናግሩ።

የመጨረሻው በር የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ነው። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። ሕጉም ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥ ይላል።

ጊዜው ግን ይሮጣል። ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ካልጠየቃችሁት በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም የመጠየቂያ ጊዜው ያልፍባችኋል። ተባርራችሁ ወደ ሥራ መመለስ የምትፈልጉ ከሆነ ያላችሁ ሦስት ወር ብቻ ነው። ለአለቃ ማመልከቻ መጻፍ ብቻውን ይርጋውን አያቆመውም። የሚያቆመው ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ማቅረብ ወይም አሠሪው በጽሑፍ ማመኑ ነው። «ትንሽ ጠብቁ፣ እንከፍላለን» ካሏችሁ ይህንኑ በጽሑፍ ስጡን በሏቸው። ካልሰጧችሁ የላካችሁትን መልእክት፣ የሐኪም ማስረጃውን፣ «ደርሶናል» የተባለበትን ቅጂና የፔሮል ወረቀቱን ይዛችሁ ክሱን አስገቡ።